ለመልስ የተተወ ዝምታ

ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ውብአየሁ መጀመሪያ ቆማ አነበበችው፤ ቀጥላ ተቀምጣ ደገመችው። በመካከላችን በተፈረመው የአገልግሎት ውል አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ይላል፣ ውሉ ከዛሬ ጀምሮ በሚቆጠር የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል፤ በእነዚህ ቀናት ተተኪዋን ባለሙያ እያለማመዱ ሥራውን እንዲያስረክቡ እንጠይቃለን። ከሥሩ ማኅተም አለ። የውሉ ዘመን አንድ ዓመት ነበር። የተሠራበት ከጥር እስከ ግንቦት ነው።

አንቀጽ ዘጠኝን ስትፈርም አላነበበችውም አይባልም። ከሁለቱ አንዱ ወገን ውሉን በሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ ይችላል የሚለውን አይታ አልፋዋለች። ግን እንዲህ ያለው አንቀጽ ለክፉ ቀን የሚጻፍ እንጂ፣ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ባለበት በአንድ ተራ ማክሰኞ ከመሳቢያ የሚወጣ አልመሰላትም ነበር።

ሥራዋ ድምፅ ነው። ገበሬው ባለ አራት አኃዝ አጭር ቁጥር ይደውላል፤ በአዊኛ የተቀረጸ የሳምንቱን መልእክት ይሰማል። ዝናቡ እንዴት ነው፣ ገበያው እንዴት ዋለ፣ የትኛው ሰብል ምን ነካው፣ ምን ይደረግ። መልእክቱ ረቡዕ ማለዳ ይለወጣል። ጽሑፉን በአማርኛ የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ናቸው፤ ወደ አዊኛ መልሳ በድምፅዋ የምትቀርጸው ውብአየሁ ናት። የፕሮጀክቱ ቢሮ እንጅባራ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከጫፍ ያለችው ጠባብ ክፍል ግድግዳዋ ሁሉ ብርድ ልብስ ተሰቅሎበት የመቅረጫ ክፍል ሆናለች።

ዩኒቨርሲቲ ሳለች ሦስት ሰው ፊት ቆሞ መናገር ሞቷ ነበር። የጥናት ጽሑፍ አቅራቢ ስትባል ማርኩ ቢቀነስባት ትመርጥ ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን፣ በሩን ዘግታ ብቻዋን ስትሆን፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ታናግራለች። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ከፍቶ ድምፅዋን ሲያሰማ ሰምታ፣ እስክትወርድ ድረስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ፈገግ እንዳለች ሄዳለች። ማንም አላወቃትም። እንዲያ መሆኑን ነበር የወደደችው።

የቢሮው አስተባባሪ አሸናፊ ደብዳቤውን ከሰጣት በኋላ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ አዊኛ አይሰማም። ክፉ ሰው አይደለም። ከኮምፒዩተሩ ያተመውን ወረቀት ዘርግቶ፣ ድምፅ ያለበትን ቦታ እንደ ተራራ፣ ድምፅ የሌለበትን እንደ ሜዳ አድርጎ የሚያሳየውን ሥዕል በእስክሪብቶ እየጠቆመ አስረዳት። ሁልጊዜ መልእክቷ መጀመሪያ ላይ አምስት ሜዳዎች አሉ። ሲደመሩ ሃያ ሁለት ሰከንድ ባዶ ነው።

«ድምፅሽን ጠልተን አይደለም» አላት። «ግን ደዋዩ መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰከንድ ደግሞ የምንከፍለው እኛ ነን። ቅጥር ሠራተኛ ብትሆኚ ኖሮ ሥልጠና፣ ማስጠንቀቂያ፣ ምናምን እንል ነበር። አንቺ በግልሽ የተዋዋልሽ ባለሙያ ነሽ። ያው፣ ውሉ ነው።»

ውብአየሁ «እሺ» አለች። መልሱ የመጣላት እንደ ልማዷ ደረጃውን ወርዳ ከጨረሰች በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተመልሳ የምትወጣበት ጉልበት አጣች።

ባዶ አልነበረም።

ጥር ላይ የመጀመሪያውን መልእክት ቀርጻ ቅዳሜ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። ቤታቸው በግምጃ ቤት መንገድ በባጃጅ ተኪዶ፣ ከዚያ ወርዶ ትንሽ በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አባቷ አቶ ወገኔ ስልኩን ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፈተው፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ከስልኩ ውስጥ ድምፅዋ ሰላም አለ። ቤተሰቡ እንዴት ነው አለ። አቶ ወገኔ ቤተሰቡ ደህና መሆኑን መመለስ ጀመረ። ድምፁ አልጠበቀውም፤ ልጆቹስ አለ። ልጆቹን ሊመልስ ሲል ስለ ከብቱ ጠየቀው። በአዊ ገጠር ሰላምታ አንድ ቃል አይደለም፤ ሰው ተጠይቆ፣ ልጅ ተጠይቆ፣ ከብት ተጠይቆ፣ ፈረስ ተጠይቆ፣ ዝናብ ተጠይቆ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። የተጠየቀ ሰው ደግሞ ይመልሳል። የሚያናግረው የተቀረጸ ድምፅ መሆኑን አቶ ወገኔ አያጣውም። ያም ሆኖ አፉ ዝም አይልለትም፤ ሳይመልሱ መቅረት ነውር ነው። ሲጨርስ መልእክቱ ግማሽ ሄዷል። ተሰብስበው የነበሩትም ሽማግሎች ሁሉ እንደሱ ሲመልሱ ነበር፤ ከመካከላቸው አንድም ሰው የሰማ የለም።

«ድምፅሽ ነው፣ አውቄዋለሁ» አላት። «ግን ምን አስቸኮለሽ፣ ልጄ?»

በማግስቱ እሑድ ውብአየሁ አባቷን እንደ አዲስ ሰላም እያለች በስልኳ ሰዓት ለካችው። ለቤተሰቡ አራት ሰከንድ። ለልጆቹ ሦስት። ለከብቱ አራት። ለፈረሱ ስድስት፤ ዳማ ፈረሱን ስለሚወደው ስለ እግሩም ስለ ጋማውም አንድ ነገር ሳይል አያልፍም። ለዝናቡ አምስት። በትንሽ ደብተር ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ጥያቄ ጠይቃ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ዝም ብላ፣ የአባቷን መልስ በልቧ ሰምታ ስትጨርስ ነበር ወደሚቀጥለው የምትሄደው። ለቢሮው አልነገረችም። ልትደብቅ ብላ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ተተኪዋን ስታይ ግን ነገሩ ባሰባት። ያለምወርቅ ነበረች።

ያለምወርቅ የዳንግላ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ኖረዋል። ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ የማታውቀው ሰው ፊትም ቢሆን እንደዚያው ነው የምትስቀው። ወደዚህ ቢሮ ያመጣቻት ራሷ ውብአየሁ ነበረች። ሚያዝያ ላይ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ድምፅ አልወጣ ሲላት፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ጓደኛዬ ትተካኝ ብላ እጇን ይዛ ደረጃውን አስወጥታታለች። አንድ ሳምንት። ያን ጊዜ አሸናፊ የያለምወርቅን ቅጂ ሰምቶ ጥሩ ነው ሲል፣ ውብአየሁ በሹክሹክታ ድምፅዋ አመስግናዋለች እንኳ።

ሠላሳው ቀን ረጅም ነበር። ሁለቱ በዚያች ጠባብ ክፍል ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠው ይውላሉ። ያለምወርቅ ጽሑፉን አንድ ጊዜ አየት ታደርግና ትቀርጻለች፤ አትሳሳትም። አዊኛዋን ከአያቷ ስለተማረችው የድሮ ሰው አነጋገር አለበት፤ ውብአየሁ መዝገበ ቃላት የምታገላብጥለትን ቃል እሷ እንደዋዛ ትጥለዋለች። የተሰነጠቀው የጆሮ ማዳመጫ ለአምስት ወር አልተለወጠም ነበር፤ ያለምወርቅ በመጣች በሦስተኛው ቀን አዲስ ተገዛ። ዘበኛው እንኳ ለጽዳቷ ሴት አሁን ገና ቢሮው ሰው አገኘ ሲላት ውብአየሁ ደረጃው ላይ ሆና ሰምታለች። ሌላ ሰው ጫማዋን አድርጎ ሲሄድ የምታይ ይመስላት ነበር፤ ይባስ ብሎ ልክክ ብሎለት።

በውሉ መሠረት ማስታወሻዎቿን ሁሉ ማስረከብ ነበረባት። የቃላቱን ዝርዝር አስረከበች። የቀበሌዎቹን ስም፣ የገበያ ቀኖቹን፣ የሰብል በሽታዎቹን ስም የጻፈችበትን ሁሉ ሰጠች። ትንሿ ደብተር ግን ቦርሳዋ ውስጥ ቀረች። ረስቻት ነው ብላ ለራሷ ነገረች፤ በየማታው እያየቻት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያለምወርቅ የድሮዎቹን ቅጂዎች ስታዳምጥ ቆይታ ማዳመጫውን አወለቀች።

«ውቤ፣ እነዚህ ዝም የምትይባቸው ቦታዎች ምንድን ናቸው? አሸናፊ ስህተት ናቸው ይላል። እኔ ግን ስህተት አልመሰሉኝም፤ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ናቸው።»

ውብአየሁ ቀና አላለችም። የሽቦውን ጫፍ እየጠቀለለች፣

«ትንፋሽ ስወስድ ነው» አለች።

ያለምወርቅ ትንሽ አየቻት፤ ከዚያ ማዳመጫውን መልሳ አጠለቀች።

ሐምሌ ሲገባ ውብአየሁ ቁልፉን መለሰች፤ ርክክቡ ላይ ፈረመች፤ የሥራ ልምድ ማስረጃው በኋላ ይደርስሻል ተባለች። በተከራየችው ቤት የነበረውን ዕቃዋን በሁለት ማዳበሪያ አድርጋ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ውሉ አለቀ አለቻቸው። መቼ አለቀ፣ እንዴት አለቀ ብሎ የጠየቀ የለም። እናቷ ወይዘሮ ዘውድነሽ ብቻ ማዳበሪያዎቹን እያየች ዓመት እንዲህ አጭር ነው እንዴ አለች።

አቶ ወገኔ ዘንድሮ ከቤቱ በታች ያለውን ማሳ በሙሉ ድንች አልብሶት ነበር። ገብሱን ትቶ፣ የከርሞውን ዘር ሳይቀር አምኖ መሬት ውስጥ የከተተበት ድንች ነው። ቅጠሉ ጉልበት ደርሷል፤ አንዳንዱ ነጭ አበባ አውጥቷል። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሲያየው ልጅ እንደዳረ ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ ማሳ ጎን አዝመራው የሚባል ወጣት ገበሬ ማሳ አለ። አቶ ወገኔ አዝመራውን ሰላምታ የማያውቅ ይለዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘው «እንዴት ነዎት» ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ነው።

በመጀመሪያው ረቡዕ ውብአየሁ ከማንም ቀድማ ተነሣች። ከቤቱ ኋላ፣ ከቀርቀሃው አጥር ሥር ሄዳ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ደወለች። ያለምወርቅ ሰላም አለች። የጠራ፣ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ሰላምታውን አንዱን ከአንዱ አያይዛ፣ ሳታቋርጥ ወረደችውና ወደ ጉዳዩ ገባች። ውብአየሁ ስህተት ፈለገች። አላገኘችም። ደግማ ደወለች። ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ብቻ አልሆነም፤ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ትደውላለች፣ እንጨት ልትለቅም ስትሄድ ትደውላለች። ቁስል እንደሚነካካ ሰው ነው። እዚህ ላይ ትንፋሿ ተሰምቷል፤ እዚህ ላይ ቃሉን ጎትታዋለች፤ እዚህ ላይ ፈገግ ያለች ይመስላል፣ ስለ ማዳበሪያ እየተናገሩ ፈገግታ ምን ይባላል። የምታገኘው ከዚህ አልዘለለም።

ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ነገር ነበር። ሽማግሎቹ እንደ ልማዳቸው በየረቡዑ ይሰበሰባሉ። አቶ ወገኔ ስልኩን ዱካው ላይ ያደርጋል። አዲሷ ድምፅ ስትናገር ውብአየሁ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። አንዱ ሽማግሌ የማን ልጅ ናት ሲል፣ ሌላው ማንም ትሁን ማን አንደበቷ የድሮ ሰው ነው አለ። አባቷም ተቀበለ፤ «አዎ፣ ጨዋ ልጅ ናት። ድምፅዋ የጠራ ነው» አለ። ውብአየሁ በእጇ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። አምስት ወር ሙሉ ስለ እሷ ድምፅ እንዲህ ሲል አልሰማችም።

ነገር ግን አንድ ነገር አየች። ያለምወርቅ ቤተሰቡ እንዴት ነው ስትል አቶ ወገኔ መመለስ ይጀምራል። እሷ አልፋ ስለ ከብቱ ስትጠይቅ እሱ ገና ቤተሰቡ ላይ ነው። እሷ ስለ ሰብል በሽታ ስትናገር እሱ ስለ ዳማው እግር ይነግራታል። ሽማግሎቹም እንደዚያው። አፋቸውን ዘግተው ጆሮ ሲሰጡ መልእክቱ የገበያው ወሬ ላይ ደርሷል። ውብአየሁ ይህን እያየች ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀ። ደስታ ነበር። አባቷን መልሱን ትቶ እንዲያዳምጥ መንገር ይቻል ነበር፤ በነጋታው ለያለምወርቅ ደውሎ መንገር ይቻል ነበር። ዝም አለች። ይሰሙ፣ አለች በልቧ፤ ይሰሟት፣ ጨዋዋን ልጅ።

በሐምሌ አጋማሽ ረቡዕም እንደዚሁ ሆነ። ውብአየሁ ያን ዕለት ብቻ ሰባት ጊዜ ደውላለች። በሰባተኛው ላይ «ድንች» ከሚለው ቃል በፊት ትንሽ መንተባተብ ያገኘች መሰላትና ቀኑን ሙሉ ያችን ይዛ ዋለች።

ሐሙስና ዓርብ ጉሙ ከማሳው አልተነሣም። ቅዳሜ አዝመራው የመድኃኒት መርጫ በጀርባው አዝሎ በድንቹ መካከል ሲመላለስ ታየ። አቶ ወገኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሳቀበት፤ ጤነኛ ሰው መድኃኒት ይጠጣል ወይ ብሎ ለሚስቱ ነገራት። ሰኞ ማታ ከታች በኩል መጥፎ ሽታ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት የማሳው ታችኛው ግማሽ ጠቁሮ፣ ቅጠሉ የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ጎመን ተኝቶ ነበር። ጥቁሩ ከአዝመራው ድንበር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ነው።

አቶ ወገኔ ማሳው ውስጥ ገብቶ አንዱን ግንድ ነቀለ፤ አገላበጠው፤ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ያቺ ልጅ አልነገረችንም።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ አዝመራውስ ከየት ሰማ ብላ ጠየቀችው። ከዚያው ስልክ መሆኑን አዝመራው ራሱ ነግሯታል፤ ረቡዕ ማሳ ዳር ቆሜ ሰማሁ ብሏል። አቶ ወገኔ አላምን አለ። ሽማግሌ ሁሉ ቁጭ ብሎ የሰማው ነው፤ ስለ ድንች የተባለ ነገር የለም አለ። ከዚያ ወደ ውብአየሁ ዞረ። «አንቺም ትሰሚ ነበር፤ ከአጥሩ ሥር ስትደውዪ አይቼሻለሁ። ብላለች?»

ውብአየሁ አፏን ከፈተች። ሰባት ጊዜ ሰምታለች። ያለምወርቅ የትኛው ቃል ላይ ትንፋሽ እንደወሰደች፣ የት እንደተንተባተበች ልትነግረው ትችላለች። ምን እንዳለች ግን አታውቅም። ከሰባቱ በአንዱም አልሰማቻትም።

ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ድምፁን ከፈተችው። መልእክቱ እስከ ነገ አይለወጥም ነበር። ያለምወርቅ ሰላም አለች፤ አከታትላ ጠየቀች፤ ወዲያው ቀጠለች። የድንቹን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ በግምጃ ቤት በኩል ታይቷል፤ ጉም ከገባ በሦስት ቀን ይደርሳል፤ ያልተነካም ማሳ ቢሆን እስከ ቅዳሜ መድኃኒት ይረጭ፤ ጠቁሮ የተገኘው ታጭዶ ከማሳው ይውጣ። ሁለት ጊዜ ደጋግማ ብላዋለች። ከዚያ በኋላ ነበር ወደ ገበያው ወሬ ያለፈችው።

አቶ ወገኔ ይህን ሲሰማ አልመለሰም፤ ሰላምታውን እንኳ አልመለሰም። ሲያልቅ እጁን በጋቢው ጠረገ።

«ይኼ የተባለው እኔ ስለ ዳማው ስነግራት ነው» አለ። ቀጥሎም፣ «አንቺ ሳለሽ እንዲህ አልነበረም። አንቺ ትጠብቂን ነበር።»

ወር ሙሉ ልትሰማው የፈለገችው ይህንኑ ነበር። ከጓዳ ሆና ሳህን ስታጥብ፣ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ እንዲህ እንዲላት ነበር የምትጠብቀው። አሁን መጣ፤ እሷ ጭቃው ውስጥ ቆማለች፣ ሽታው አፍንጫዋን ሞልቶታል፤ ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

አዝመራው ሳይለምኑት መርጫውን ይዞ መጣ። ላይኛው ግማሽ ገና ስላልተነካ አባቷና አዝመራው እየተቀባበሉ ረጩት፤ እናቷ የጠቆረውን ማጨድ ጀመረች። ውብአየሁ ልብሷን ለውጣ፣ ትንሿን ደብተር ከማዳበሪያው ሥር አውጥታ፣ ደርሼ ልምጣ ብላ ወደ መንገድ ወጣች። የነገው መልእክት የሚቀረጸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

እንጅባራ ስትደርስ ዝናቡ ከባጃጁ ሸራ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ያለምወርቅን ከመቅረጫው ክፍል በር ላይ አገኘቻት። ደብተሯን ዘረጋችላት።

«ትንፋሽ አልነበረም» አለች።

ያለምወርቅ ደብተሩን ከፍታ አነበበች። ቤተሰብ አራት፣ ልጆች ሦስት፣ ከብት አራት፣ ፈረስ ስድስት፣ ዝናብ አምስት። ምን ማለት እንደሆነ ውብአየሁ በጥቂት ቃል አስረዳቻት፤ የማሳውንም ነገረቻት። ያለምወርቅ አልሳቀችም።

«ትንፋሽ እንዳልሆነማ ገብቶኝ ነበር» አለች። «ስድስት ሰከንድ ትንፋሽ የሚወስድ ዋናተኛ ነው። ልትነግሪኝ እንዳልፈለግሽ አይቼ ነው ዝም ያልኩት። ሥራሽን ወስጄብሽ የያዝሽውን ሚስጥርም ልቀማሽ?»

ብትቆጣ ይሻል ነበር። ያለምወርቅ ግን የውብአየሁን እጅ ይዛ ወደ አሸናፊ ክፍል እየጎተተቻት ነበር።

እዚያ ውስጥ የሆነው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያለምወርቅ ወንበር እንኳ ሳትስብ፣ እርስዎ አንድን ሽማግሌ እንዴት ነዎት ብለው መልሱን ሳይሰሙ ይሄዳሉ ወይ ብላ ጠየቀችው። አልሄድም አለ። እንግዲያው ስልካችን ይሄዳል አለችው። ስለ ሰላምታው፣ ስለ ሜዳዎቹ፣ ስለ ድንቹ ነገረችው። አሸናፊ ያን የቀድሞ ወረቀት ከፋይል አውጥቶ አምስቱን ሜዳዎች እንደ አዲስ አያቸው። ስንት ሰው መልእክቱን ሳይሰማ እንደዘጋ ሊያጣራ እንደሚችል ተናግሮ፣ ለነገው ግን ዝምታው ይመለስ ብሎ ፈቀደ። ውብአየሁ በአምስት ወር ያልቻለችውን፣ ደረጃ ወርዳ ብቻ ይመጣላት የነበረውን መልስ፣ ያለምወርቅ ቆማ በሦስት አረፍተ ነገር ጨረሰችው። ውብአየሁ ልታመሰግናት ይገባ ነበር። የተሰማት ግን ያው ሰኔ ላይ፣ ሌላ ሰው ጫማዋን አድርጎ ሲሄድ ስታይ የተሰማት ነገር ነው።

አሸናፊ ወደ እሷ ዞሮ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ቅር ያለው ይመስላል።

«አልጠየቁኝም» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም ብዙ አልተሰማትም።

እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከያለምወርቅ ጋር ያለው ውል መፈረሙን፣ በዚያ በኩል የሚሆን ነገር እንደሌለ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዋ ግን ዛሬውኑ ሊጻፍ እንደሚችል ነገራት። ውብአየሁ ማስረጃውን ተቀብላ፣ እንዳይረጥብ ጃኬቷ ሥር አድርጋ ተመለሰች።

በማግስቱ ሽማግሎቹ አልቀሩም። አንዳንዱ የራሱ ማሳ ጠቁሮበታል፤ ያም ሆኖ መጡ። አቶ ወገኔ ስልኩን ዱካው ላይ አድርጎ ሲደውል ውብአየሁ በዚህ ጊዜ ጓዳ አልገባችም፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ያለምወርቅ ሰላም አለች። ቤተሰቡን ጠየቀች፤ ዝም አለች። አቶ ወገኔ ተገርሞ ስልኩን አየው፤ ከዚያ መለሰላት። ልጆቹን ጠየቀች፤ ጠበቀች። ከብቱን ጠየቀች፤ ጠበቀች። ሽማግሎቹ እየተያዩ፣ እየተቀባበሉ መለሱ። ውብአየሁ በጣቷ ጉልበቷ ላይ ትቆጥር ነበር። አራት። ሦስት። አራት። ደብተሩን አንድም ሳታጎድል ወስዳዋለች።

ፈረሱን ጠየቀች። አቶ ወገኔ ዳማው ደህና መሆኑን፣ የግራ እግሩ ትንሽ እንዳመመው፣ አሁን እንደሻለው ነገራት። ስድስት ሆነ። ውብአየሁ ጣቷን አቆመች፤ እዚህ ላይ ነበር ድምፁ የሚቀጥለው። አልቀጠለም። ያለምወርቅ ጠበቀች፤ ሰባት፣ ስምንት።

አቶ ወገኔ የሚለውን ጨርሶ ነበር። በተረፈው ጊዜ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«አንቺስ፣ ልጄ» አለ፣ «አንቺስ ደህና ነሽ?»

ከዚያ ድምፁ ስለ ዝናቡ ጠየቀ። ሽማግሎቹም ስለ ዝናቡ ይመልሱ ጀመር። ውብአየሁ ጣቷን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ለዚያ ጥያቄ እሷ ጊዜ ትታለት አታውቅም ነበር።